ራጅ የማያሳየው ለውዝ

ለውዝ በራጅ አይታይም። ሳንቲም ይታያል፣ መርፌ ቁልፍ ይታያል፣ ጉትቻ ይታያል፤ ብረት ጨረሩን ስለማያሳልፍ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና የበቆሎ ፍሬ ግን ጨረሩ ሥጋን እንደሚያልፍ ያልፋቸዋል። ሕፃን ልጅ ከእነዚህ አንዷን ፍሬ ወደ ሳንባው ስቦ ካስገባ በኋላ የሚነሳው ራጅ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ያወቅሁት «ንጹህ ነው» የተባለ ራጅ በአንድ እጄ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር የሚል የሁለት ዓመት ልጄን በሌላው እጄ ይዤ ከበር ወደ በር ስዞር ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አማቴ እማማ ቡና አፍልተው ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ቆሎው ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ የተቀላቀለበት፣ እማማ ራሳቸው የቆሉት ነው። ሚጡ (ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንጠራት) ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትሯሯጥ በየመሃሉ አያቷ ዘንድ ትመጣና እጇን ትዘረጋለች። «እንኪ የኔ እናት» ይሏታል። ገብሱ ይከብዳታል ብለው ለውዝ ለውዙን ይለቅሙላታል። የመጨረሻውን አፏ ከትታ እየሳቀች ሮጠች።

ስንስቅ አየር በኃይል ወደ ውስጥ እንስባለን። ምግብ ስንውጥ የአየሩን ቧንቧ የሚከድን ክዳን ጉሮሯችን ውስጥ አለ፤ ስንስቅ፣ ስንሮጥና ስናለቅስ ግን ክዳኑ ክፍት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሷ ለውዝ ለመስበር ይበቃል፤ ለመፍጨት የሚያስፈልጉት መንጋጋዎች ግን ገና አልተሟሉም። ስለዚህ ትሰብረዋለች፣ ሳትፈጨው አፏ ውስጥ ይዛው ትሮጣለች። የአየር ቧንቧዋ ደግሞ ከራሷ ትንሿ ጣት ብዙም አይሰፋም።

ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ዘወር ስል አፏ ተከፍቷል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ ድምፅ ግን የለም። ሳልም ለቅሶም የለም። እስከዚያን ቀን ድረስ የታነቀ ሰው የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ። እማማ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጣታቸውን ወደ አፏ ሊሰዱ ሲሉ ነርሲንግ የምትማር የጎረቤታችን ልጅ «እማማ፣ ጣት አይግባ! ወደ ውስጥ ይገፋዋል!» ብላ ልጄን ከእጃችን ነጠቀቻት። ጭኗ ላይ በደረቷ አስተኝታ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች አዘቅዝቃ፣ በመዳፏ ሥር በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል መታቻት። ደጋግማ መታቻት። እኔ ምን እያደረግሁ እንደነበር አላስታውስም፤ ስሟን ስጠራ ነበር ይሉኛል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሳል መጣ፤ የታኘከ ቆሎና ምራቅ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ልጄ አለቀሰች። በሕይወቴ የዚያን ለቅሶ ያህል ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ሁሉም ሰው ተመስገን አለ። የወደቀውን ቆሎ አይተን «ወጣ» አልን። ሚጡ ጡጦዋን ጠጥታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቡናው ቶናው ተጠጣ። ይህ ጸጥታ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ጸጥታ እንደሆነ ኋላ ተነገረኝ። ባዕድ ነገር ከዋናው ቧንቧ አልፎ ወደ አንዱ ሳንባ ቅርንጫፍ ከወረደ ሳሉ ይበርዳል፤ ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ፍሬው ግን እዚያው ነው። ሌሊት ደረቷ ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭን የሲር ሲርታ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በፊት አስም የለባት፣ ጉንፋን አልያዛት፣ ትኩሳትም የላት።

በማግስቱ ሠፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ኮሪደሩ ሙሉ ነው፤ ሐኪሙ ምሳውን እንዳልበላ ከፊቱ ያስታውቃል። «ትላንት ለውዝ ትን ብሏት ነበር» አልኩት። «ወጥቷል አይደል?» አለኝ። «የወጣ ነገር አይተናል» አልኩ። ራጅ አዘዘ፤ ተነሳች፤ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ «ንጹህ ነው፤ ሳንባዋን ትንሽ ብርድ መትቷት ይሆናል» አለና ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ።

ያን ሐኪም አልወቅሰውም። የሳንባ ምች በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋነኞቹ በሽታዎች አንዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚሠለጥኑት ይህንኑ ለመያዝ ነው፤ ትንፋሽ ይቆጥራሉ፤ ዓመት የሞላው ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ይጀምራሉ። ይህ አሠራር ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። ችግሩ ግን ለውዝ የዋጠ ሳንባም ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ነው። በቁጥር ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የሳሉ አጀማመር ነው፤ አጀማመሩን ደግሞ ያየው እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ያደግሁት በይሉኝታ ነው። ለሐኪም፣ ለዳኛ፣ ለቄስ መልስ አይሰጥም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ንጹህ ነው» ካለ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መውጣት ጨዋነት ነው። ከክሊኒኩ በር ቆሜ ሽሮፑን በእጄ ይዤ ደረቷን ስሰማ፣ ውስጤ ያለው ፍርሃት ሁለት ነበር፦ አንዱ ልጄን እንዳላጣት፣ ሌላው ደግሞ ተመልሼ ገብቼ «አልመሰለኝም» ብል ሐኪሙ እንዳይቆጣኝ። ሁለቱ ፍርሃቶች እኩል መክበዳቸው ዛሬም ያስደነግጠኛል።

አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የችሎት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። እያለቀስኩ አወራሁለት፦ ምናልባት ትንሽ ቀርቶ ይሆናል፣ ምናልባት ጉንፋን ነው፣ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

«የመሰለሽን ተይው» አለኝ። «ያየሽውን ንገሪኝ።»

አስቤ ተናገርኩ። «ለውዝ አፏ ውስጥ ይዛ እየሳቀች ስትሮጥ ትን አላት። ድምፅ አጣች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ከዚያ በፊት ሳል አልነበራትም፤ ከዚያ ወዲህ ደረቷ ሲር ይላል።»

«ይህችኑ በየደረስሽበት በር ተናገሪ» አለ። «አታርዝሚያት፣ አታሳጥሪያት፣ አትለዋውጫት። ምስክር ሲፈራ ቃሉ ይለዋወጣል፤ ቃሉ ሲለዋወጥ ዳኛው ጆሮ ይነሳዋል። እንዳትከራከሪ፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። ለካርድ ክፍሏ ልጅ ተናገርኩ፤ የድንገተኛ ክፍሏ ሲስተር ሙቀት ስትለካ ተናገርኩ፤ «ራጅ ተነስታለች፣ ንጹህ ነው ተብሏል» ብዬ ጨምሬ ደገምኩት። የሚገርመው በደገምኩት ቁጥር ድምፄ መንቀጥቀጡን እየተወ መጣ። መከራከር የማይችል ሰው መመስከር ይችላል። ይሉኝታዬም አልተነካብኝ፤ ማንንም አላሳጣሁም፤ ያየሁትን ለሚያስፈልገው ሰው እያደረስኩ ነበር።

የመረመረቻት ወጣት ሐኪም ነበረች። ማዳመጫውን በግራ ደረቷ ላይ አደረገች፣ በቀኝ አደረገች፣ እንደገና ወደ ግራ መለሰችው። ልጄ ስታለቅስ ጠበቀቻት፤ ዝም ስትል እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። «ሳሉ ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ ባንድ ጊዜ?»

«ባንድ ጊዜ» አልኩ።

«ሲጀምር አብረዋት ነበሩ?»

«አጠገቧ ነበርኩ።»

«በቀኝ በኩል የሚገባው አየር ከግራው አንሷል» አለች። «ራጁን አይቼዋለሁ። እኔ የምይዘው ግን የእርስዎን ቃል ነው።»

ከዚያ ጊዜ ወስዳ አስረዳችኝ፤ ወረፋው ረዥም ሆኖ ሳለ። ልጅ አየር ስትስብ የሳንባ ቧንቧ ሰፋ ይላል፣ አየር በለውዙ ጎን አልፎ ይገባል። ስታስወጣ ቧንቧው ይጠባል፤ ለውዙ መውጫውን ይዘጋዋል። ያ ሳንባ አየር እየገባበት የማይወጣለት ይሆናል። አንዳንዴ ይህ በራጅ የሚታወቀው ፎቶው ትንፋሽ በወጣበት ቅጽበት ሲነሳ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅን ግን «ትንፋሽሽን አውጪና ያዥ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሰው ፊት ትን ያለውና ከዚያ ወዲህ ደረቱ የተለወጠ ልጅ፣ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እንኳ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። ፍሬው ከቆየ የለውዙ ዘይት የሳንባውን ግድግዳ ያስቆጣል፣ ያቆስላል፤ ባቄላና አተር ደግሞ እርጥበት እየጠጡ ያብጣሉ። ሪፈር ጽፋ በአምቡላንስ ላከችን።

ምርመራው ብሮንኮስኮፒ ይባላል። ልጅቱ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣትና መብራት ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ በአፏ፣ በድምፅ አውታሮቿ መሃል አልፎ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። በዚያው ቱቦ ትተነፍሳለች፣ በዚያው ቱቦ ውስጥ መቆንጠጫ ገብቶ ፍሬውን ይፈልጋል። ይህ ማለት የአንገት በላይ ሐኪሙና የማደንዘዣ ባለሙያው ከእርሳስ ብዙም በማይወፍር አንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ፍሬው ሲጎተት ሊሰበር ይችላል፤ አምልጦ ወደ ደህናው ሳንባ ሊወርድም ይችላል። ይህን ሁሉ ነግረውኝ «ይፈርሙ» አሉኝ። ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስለተሰማኝ ነገር እስካሁን ለባለቤቴም አልተናገርኩም። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቦታ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። «የሰጧት እርስዎ ነዎት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እጁ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ልጅ በእናቱ ታዝሎ ሲያልፍ አይቼ ቀናሁ፤ ስብራት በራጅ ይታያል፣ ይታሰራል፣ ይድናል ብዬ። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ልጄን ካተረፍክልኝ እማማን አልወቅሳቸውም አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ካልተረፈች ምን እንደምላቸው ማሰብ ጀመርኩ። ሰው በጭንቅ ጊዜ ለካ ልቡ ውስጥ ለጸሎትም ለጥላቻም ጎን ለጎን ቦታ አለው።

ከጎኔ ከጎጃም ገጠር የመጣች እናት ነበረች። ከአንዱ ሪፈር ወደ ሌላው እየተባለች ነው እዚህ የደረሰችው። ልጇ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ቀጭን፣ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ ልጅ። በቆሎ ሲፈለፍሉ አጠገባቸው ሲጫወት አንድ ፍሬ ትን ብሎት፣ አስሎ አስሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የሳንባ ምች እየተባለ መርፌና ሽሮፕ ወስዷል። መድኃኒቱ ሲሰጠው ይሻለዋል፣ ሲያልቅ ይመለስበታል። የመጀመሪያው ቀን ስለ በቆሎው ለማን እንደነገረች ጠየቅኋት።

«ማን ጠየቀኝ እህቴ?» አለችኝ። «ሳል ነው ሲሉኝ ሳል ነው አልሁ።»

የአባቴን ቃል ነገርኳት። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን የእሷን ምስክርነት አስተካከልን፦ በቆሎ አፉ ውስጥ፣ ትን አለው፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበር። ደጋግማ አነበነበችው። ሐኪሙ ስሟን ሲጠራ ተነስታ ገና በሩ ላይ ሆና ስትጀምረው ሰማኋት።

የእኔ በር ሲከፈት የወጣው ሐኪም በፋሻ ቁራጭ ላይ አንድ ነገር ይዞ ነበር። ግማሽ ለውዝ። አንድ ሙሉ እንኳ አይደለም፤ ለሁለት የተከፈለው አንዱ ግማሽ፣ ረጥቦ ያበጠ። «ከቀኝ ሳንባዋ ነው» አለ። «ቀኙ መንገድ ቀና ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይወርዳል። ትንሽ ድምፅዋ ይሻክራል፣ አይደንግጡ።» ድምፅዋ ሻክሮ «እማ፣ ውሃ» ስትለኝ እማማ ከኋላዬ እልል አሉ። ሲስተሯ «እናቴ፣ ሆስፒታል ነው» ብትላቸውም አላቆሙም።

ኋላ ስለዚህ ሙያ ማንበብ ጀመርኩ። በ1897 እ.ኤ.አ. ጉስታቭ ኪሊያን የሚባል ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ አንድ ገበሬ ሳንባ ውስጥ የገባ አጥንት በቱቦ አወጣ፤ ሙያው የተጀመረው በዚያ ነው ይላሉ። ከእሱ በኋላ ቼቫሊየር ጃክሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከሰው ጉሮሮና ሳንባ ካወጣቸው ነገሮች ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ፊላዴልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም በመሳቢያ ተደርድረዋል፤ መርፌ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ሳንቲም፣ መጫወቻ፣ ፍሬ። ጃክሰን የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ታሪክ በጥንቃቄ ይመዘግብ ነበር። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ዕቃው ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን ሲያደርግ ወደ ውስጥ እንደሳበው የሚለው ነው ለሐኪሙ መንገድ የሚያሳየው።

ያቺ ነርሲንግ የምትማረው ልጅ ያደረገችውን ከዚያ ወዲህ እኔም፣ ባለቤቴም፣ እማማም ተምረነዋል። ልጁ እያሳለ፣ እየጮኸ ከሆነ ይሳል፤ የራሱ ሳል ከማንም ዱላ ይበልጣል። ድምፅ ካጣ ግን አይጠበቅም። ዓመት ያልሞላውን ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን 5 ጊዜ መምታት፣ ከዚያ ገልብጦ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ መጫን። ዓመት ያለፈውን ጀርባውን 5 ጊዜ ከመቱ በኋላ ከኋላው ሆኖ አቅፎ፣ ከእንብርቱ ከፍ ብሎ በጭብጥ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መግፋት፤ ይህን ሆድን መግፋት ሄንሪ ሄይምሊክ የሚባል ሐኪም በ1974 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆድ ግን አይጫንም። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ መቀጠል ነው፤ ራሱን ከሳተ ልብና ትንፋሹን ማገዝ። በዓይን የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ የለም። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ 939 ነው፤ ማቀዝቀዣችን በር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል።

ለእማማ ኮሪደሩ ላይ ያሰብኩትን አንድ ቀን ነገርኳቸው። «እኔስ ለራሴ ምን ስል የነበረ ይመስልሻል?» አሉኝ፤ ሌላ አልተነጋገርንበትም። ዛሬ ቡና ሲፈላ ቆሎው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል፤ ፈንዲሻውም እንደዚያው፤ ፈንዲሻ ለሕፃን ከለውዝ አይሻልም። ለልጆች 4 ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝና ቆሎ አይሰጥም፤ ባንዳንድ አገር እስከ 5 ዓመት ድረስ ይከለክላሉ። ለልጆቹ ዳቦ ይቆረሳል፣ ተቀምጠው ይበላሉ። ጎረቤት «እኛስ ቆሎ በልተን አይደል ያደግነው?» ሲላቸው እማማ ኮስተር ይላሉ። «ያላደጉትን ማን ቆጠራቸው?» ይላሉ።

የጎጃሟ እናት ልጅ የበቆሎ ፍሬው ወጥቶለት አገሩ ገብቷል። ሳንባው ለማገገም ጊዜ ወስዶበታል፤ አሁን በጎቹን እየተከተለ ይሮጣል አለችኝ በስልክ። ቀበሌያቸው ወዳለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ራሷ ሄዳ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግራታለች። ልጅቱም ስትሰማ ቆይታ ትንፋሽ የምትቆጥርበት መዝገብ ላይ ጻፈችው።

«አሁን የሚያስል ልጅ ሲመጣባት» አለችኝ፣ «ትንፋሹን ሳትቆጥር በፊት ትን ብሎት ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች።»